ዊኪ፦ የወል ገጽ

ዊኪ የተፈቀደለት ሰው ሁሉ ሊጽፍበት፣ ሊያርመውና ሊያሰፋው የሚችል ድረ ገጽ ነው። በአማርኛ «የወል ገጽ» ብንለው ይስማማዋል፤ የወል መሬት ባለቤቱ ብዙ ቢሆንም ደንብ እንዳለው ሁሉ ዊኪም አለው።

ቃሉ ሃዋይኛ ነው፤ ትርጉሙም «ፈጣን» ማለት ነው። አሜሪካዊው የፕሮግራም ባለሙያ ዋርድ ከኒንግሃም በ1987 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ዊኪ ሲከፍት ስሙን የወሰደው በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ከሚያመላልሰው «ዊኪ ዊኪ» አውቶቡስ ነው። ቃሉን ዓለም ያወቀው ግን በ1993 ዓ.ም. በተጀመረው ዊኪፒዲያ ነው፤ የአማርኛው «ውክፔዲያ» ይባላል።

በብዙ ዊኪዎች እያንዳንዱ ገጽ ከጽሑፉ ጀርባ ሁለት ነገር ይይዛል። የታሪክ ገጹ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጨመረና እንደሰረዘ ይመዘግባል፤ የተበላሸውንም ወደነበረበት ለመመለስ ያስችላል። የውይይት ገጹ ደግሞ የጸሐፊዎቹ መከራከሪያ ነው።

ለኮሌጅ የሚጠቅመው ይኸው ነው። በግሩፕ አሳይመንት አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ ማስገባታቸው የተለመደ ነው። በዊኪ ግን የታሪክ ገጹ ማን ምን እንደሠራ ያሳያል። ለምሳሌ በአርባ ምንጭ አካባቢ ያለውን የጫኖ መስኖ እንውሰድ። የጫኖ ገበሬዎች ሙዛቸውን የሚያጠጡት ከጋሞ ደጋ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው በሐሬ ወንዝ ነው። አራት ተማሪዎች ይህን መስኖ አጥኑ ቢባሉ አንዱ የወንዙን ፍሰት፣ ሌላው ቦዮቹን፣ ሦስተኛው የሙዙን ገበያ፣ አራተኛዋ የውሃ ተራውን ይይዛሉ። ቦዮቹን የያዘው «ውሃው ለሁሉም ይዳረሳል» ብሎ ቢጽፍ፣ ከቦዩ ግርጌ ያሉትን ገበሬዎች ያነጋገረችው ተማሪ የሰማችውን ጠቅሳ ታርመዋለች። ካልተስማሙ በውይይት ገጹ ይሟገታሉ፤ መምህሩም ጽሑፉ እንዴት እንደበሰለ ያያል።

እንቅፋት ግን አለው። የጓደኛን ጽሑፍ መንካት ድፍረት ስለሚመስል ብዙዎች የየራሳቸውን ክፍል ብቻ ጽፈው ይወጣሉ። ስለዚህ መምህሩ ለማረሙም ነጥብ ይመድብ። የእርማት ብዛት ግን መለኪያ አይሁን፤ ነጠላ ሰረዝ ሲያስተካክል የዋለ አንድ የፍሬ ነገር ስህተት ካገኘው አይበልጥም።

መሣሪያው ሩቅ አይደለም። ሙድል በተባለው የትምህርት ሶፍትዌር ውስጥ ዊኪ አለ። ዊኪፒዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪም በነፃ ይገኛል፤ በግቢ ሰርቨር ላይ ከተጫነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም በውስጥ ኔትወርክ ይሠራል።