«ቲቸር፣ አቧራው ራሱ አያበራም?»

ከዓመታት በፊት ስለ ጠፈር አቧራ ሳስተምር አንድ ተማሪ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ። «አያበራም፣ ብርሃን ይጋርዳል እንጂ» ብዬ አስቀመጥኩት። ተሳስቼ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1826 ጄምስ ደንሎፕ አውስትራሊያ ሆኖ በደቡብ ሰማይ አንድ ደብዛዛ ብርሃን መዘገበ። መሃሉን ጥቁር መቀነት ለሁለት ይከፍለዋል። መቀነቱ አቧራ ነው።

በ1949 ቦልተን፣ ስታንሊና ስሊ ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣውን ኃይለኛ የሬዲዮ ሞገድ ከዚሁ ብርሃን ጋር አገናኙት። ሴንታውረስ ኤ የሚባለው ጋላክሲ ነው፤ ከኛ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። በ1954 ደግሞ ባዴና ሚንኮውስኪ «ይሄ የሁለት ጋላክሲዎች ግጭት ነው» አሉ። ግን ማስረጃው መቀነቱ ውስጥ ተደብቋል።

አሁን ምጣድን አስቡት። እሳቱ ከጠፋ በኋላም እጃችሁን ስታስጠጉ ሙቀቱ ይሰማችኋል፣ በዓይን ግን ምንም አይታይም። አቧራም እንደዚያው ነው፤ የከዋክብት ብርሃን ያሞቀዋል፣ እሱም መልሶ ኢንፍራሬድ ይረጫል።

በ2003 የመጠቀው ስፒትዘር ቴሌስኮፕ ይህንን ሙቀት ሲያነሳ ጥቁሩ መቀነት ቦግ ብሎ በራ። ቅርፁ ቁርጥ ፓራሌሎግራም! ተመራማሪዎቹ ሲተነትኑት፣ ትልቁ ጋላክሲ ከ200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዋጠው የሌላ ጋላክሲ ዝርግ አካል፣ ተጣሞና ተጠማዞ የቀረ ነው።

ጋራጅ ያልኩት አቧራ ምስክር ሆኖ ተገኘ።

ያ ልጅ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ፦ ትክክል ነበርክ። ይቅርታ።