ክንፍ ይዞ በውኃ ላይ መንሸራተት፦ የዊንግ ሰርፊንግ ጀማሪ ምን ይማራል?

ጤፍ ለማዝራት ውድማ ላይ የቆመ አርሶ አደር መንሹን ከማንሣቱ በፊት ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጸንቶ የሚነፍስ ይሁን የሚቆራረጥ ሳያውቅ እህሉን ወደ ላይ አይበትንም። ዊንግ ሰርፊንግ ለመማር ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ባሕር ዳርቻ የሚሄድ ጀማሪም የመጀመሪያው ትምህርቱ ይኸው ነው። ውኃ ከመንካቱ በፊት ነፋሱን ማንበብ ይማራል።

ዊንግ ሰርፊንግ አንድ ሰው በአየር የተነፋ ክንፍ በሁለት እጁ ይዞ፣ በሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ በነፋስ ኃይል በውኃ ላይ የሚንሸራተትበት ስፖርት ነው። ክንፉ እንደ ጀልባ ሸራ በምሰሶ ከሰሌዳው ጋር አይያያዝም፤ እንደ ካይት ሰርፊንግም በረጃጅም ገመዶች ከሰማይ አይጎትትም። ክብደቱ ከጥቂት ኪሎ ግራም የማይበልጥ በመሆኑ ተንሸራታቹ እንዳሻው ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። በእጅ የሚያዝ ክንፍ የመጠቀም ሐሳብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ተሞክሮ ነበር። ስፖርቱ በሰፊው የታወቀው ግን ናይሽ እና ዱዎቶን የተባሉ አምራቾች በ2018 እና በ2019 አካባቢ የሚነፋውን ክንፍ ይዘው ብቅ ካሉ በኋላ ነው። የሠለጠኑት ተንሸራታቾች ከሰሌዳቸው ሥር ፎይል የተባለ የውኃ ውስጥ ክንፍ ይገጥማሉ፤ ፍጥነት ሲጨምር ፎይሉ ሰሌዳውን ከውኃው ገጽ በላይ ያነሣዋል። ለጀማሪ ግን ፎይል የሌለው ሰፊ ሰሌዳ ይመረጣል።

ትምህርቱ በምን ዓይነት ቦታ እንደሚሰጥ ለመረዳት በሰሜን ኢጣሊያ የሚገኘው የጋርዳ ሐይቅ ጥሩ ማሳያ ነው። ሐይቁ 370 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ ጥልቀቱ 346 ሜትር ይደርሳል። በሰሜናዊ ጫፉ ቶርቦሌ እና ሪቫ የተባሉ ከተሞች አሉ። ነፋስን መነሻ ላደረጉ የውኃ ስፖርቶች ዝነኛ ያደረጋቸው በቀን ሁለት ጊዜ የሚፈራረቀው ነፋሳቸው ነው። ፔለር የተባለው ነፋስ ሌሊቱ ሳይነጋ ከሰሜን ተነሥቶ እስከ ረፋድ ይነፍሳል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ፀሐይ ተራሮቹንና ሸለቆውን ስታሞቅ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ቦታውን ለመሙላት ኦራ የተባለው ነፋስ ከደቡብ ይመጣል።

ለጀማሪ የሁለቱ ነፋሳት ልዩነት ቀላል አይደለም። ቶርቦሌ ዳርቻ ላይ ለቆመ ሰው ኦራ ከሐይቁ ወደ መሬት የሚገፋ ነፋስ ነው፤ ተማሪው ቢደክምም ቢወድቅም ወደ ዳርቻው ይመለሳል። ፔለር ግን ከመሬት ወደ ሐይቁ መሐል ይገፋል። ከዳርቻ ሲያዩት ውኃው የረጋ ይመስላል፤ ጥቂት መቶ ሜትሮች ከተኬደ በኋላ ግን ነፋሱ ይበረታል፣ ማዕበሉም ይነሣል። በዚህ ስፖርት ጀማሪዎችን ለአደጋ ከሚያጋልጡ ስሕተቶች ዋነኛው ከመሬት ወደ ውኃ በሚገፋ ነፋስ ብቻን መውጣት ነው።

የነፋስ ፍጥነት በኖት ይለካል፤ 1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ለጀማሪ ከ10 እስከ 15 ኖት የሚደርስ የማይቆራረጥ ነፋስ ተስማሚ ነው። ነፋሱ ከ10 ወደ 20 ኖት ቢያድግ ፍጥነቱ በእጥፍ የጨመረ ብቻ ይመስላል፤ በክንፉ ላይ የሚያርፈው ኃይል ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ጠዋት በቀላሉ የያዙት ክንፍ ከሰዓት በኋላ ክንድ የሚገነጥል የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሰሌዳው መጠን በሊትር ይገለጻል። ነገሩ ለጀሪካን ተጠቃሚ እንግዳ አይደለም፤ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከነራሱ ክብደት 20 ኪሎ ግራም ያህል በውኃ ላይ መሸከም ይችላል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጀማሪ፣ የሰሌዳው፣ የክንፉና የልብሱ ክብደት ተጨምሮበት፣ ሳይዋልል ይቆም ዘንድ ቢያንስ ከ110 እስከ 120 ሊትር ሰሌዳ ያስፈልገዋል። ይህም ስድስት ጀሪካን አንድ ላይ እንደ ማሰር ነው። ክንፉ እንደ ሰውየው ክብደትና እንደ ነፋሱ ብርታት ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሰሌዳውም ክንፉም በየራሳቸው ገመድ ከተማሪው አካል ጋር ይታሰራሉ። የራስ ቁርና ተንሳፋፊ ጃኬት ግዴታ ናቸው፤ ውኃው ቀዝቃዛ በሆነበት ቦታ ደግሞ ሙቀት የሚይዝ የላስቲክ ልብስ ይለበሳል።

ልምምዱ የሚጀመረው በመሬት ላይ ነው። ተማሪው ክንፉን በፓምፕ ይነፋል፤ ከዚያም ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ በፊተኛው እጀታ ብቻ ይይዘዋል። በዚህ ጊዜ ክንፉ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል እንጂ አይጎትትም። የኋላውን እጀታ ይዞ ወደ ራሱ ሲስብ ክንፉ ነፋስ ይቋጥራል፣ ይጎትታልም፤ ሲለቅ ኃይሉ ይጠፋል። ይህ የልምምዱ ሁሉ መሠረት ነው፤ ስፖርቱንም ከካይት ሰርፊንግ ይልቅ ለጀማሪ የዋህ የሚያደርገው ይኸው ነው። በተጨነቀ ጊዜ የኋላ እጅን መልቀቅ ብቻ ይበቃል። ሆኖም የደነገጠ ሰው ጠበቅ አድርጎ መያዝ ስለሚቀናው፣ መልቀቅን መልመድ ራሱ ጊዜ ይወስዳል።

ቀጥሎ ወደ ውኃ ይገባል። መጀመሪያ በሰሌዳው መሐል ይንበረከካል፣ ክንፉን ከውኃው ላይ ያነሣል፣ በጉልበቱ እንዳለ ይጓዛል። ሰሌዳው መንሸራተት ሲጀምር አንድ እግሩን፣ ከዚያም ሌላውን አስከትሎ ይቆማል። ዓይኑ እግሩ ላይ ከተተከለ ይወድቃል፤ ወደሚሄድበት ማየት አለበት። ከመቆም ይልቅ የሚከብደው ወደ ተነሡበት መመለስ ነው። ነፋስ ሁልጊዜ ወደ ታች ስለሚገፋ፣ ጀማሪ ቀኑን ሙሉ ሲለማመድ ውሎ ሰሌዳውን በራሱ ላይ አድርጎ በእግሩ ዳርቻ ለዳርቻ መመለሱ የተለመደ ትዕይንት ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው ራስን ማዳንንም ይጨምራል። ነፋሱ ቢቆም ወይም ዕቃ ቢበላሽ፣ ተማሪው ክንፉን ገልብጦ ከኋላው ያስከትላል፤ ከዚያም በሰሌዳው ላይ በደረቱ ተኝቶ በእጁ ይቀዝፋል። ካልቻለ ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ቀስ እያለ ከፍና ዝቅ በማድረግ ርዳታ ይጠይቃል። ዳርቻው ቅርብ ቢመስልም ሰሌዳውን ትቶ መዋኘት ፈጽሞ አይፈቀድም። ሰሌዳው ከሰው ይልቅ በርቀት ይታያል፣ አይሰምጥምም።

የጣና ዓሣ አስጋሪዎች ለዚህ ትምህርት ሩቅ አይደሉም። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ማልደው የሚወጡት ከሰዓት በኋላ ሐይቁ እንደሚናወጥ ስለሚያውቁ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል 1 ሺህ 800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር የሳሳ ነው። በተመሳሳይ የነፋስ ፍጥነት ክንፍ የሚያገኘው ኃይል በ15 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በመሆኑም በጣና የሚሞክር ሰው ከጋርዳው ተማሪ ሰፋ ያለ ክንፍ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ ጉማሬ ከሚውልበት የዓባይ መውጫ አካባቢ መራቅ አለበት፤ የእምቦጭ አረም ገመድና ሰሌዳን እንደሚይዝ፣ በዳርቻው ረግረግ ደግሞ የቢልሃርዝያ ሥጋት መኖሩንም ማወቅ ይኖርበታል።

ሥልጠናውን ለመውሰድ የሚያስብ ሰው ከክፍያው በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይበጃል፤ የነፍስ አድን ጀልባ በተጠንቀቅ መኖሩን፣ አንድ አሠልጣኝ በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ፣ ነፋሱ ባልተመቸበት ቀን ትምህርቱ ወደ ሌላ ቀን ይዛወር እንደሆነ። ዋና ለማያውቅ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀድመው ዋና መማር ነው፤ ተንሳፋፊ ጃኬት የዋናን ችሎታ አይተካም።