ካለመጠየቅ የሚቀር ነገር፤ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ታሪክና የእኛ ልምምድ

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የዚህን ተረት እውነተኛነት የተረዳነው ገና ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ነው። በታችኛው ክፍል በአማርኛ ስንማር ቈይተን ወደ ዘጠነኛ ስንሻገር ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆነ። መምህራችን አስረድተው ሲያበቁ «ዱ ዩ አንደርስታንድ?» ብለው ይጠይቁናል፤ እኛም በአንድ ድምፅ «የስ፣ ሰር!» ብለን እንመልሳለን። ዳሩ ግን ከመካከላችን የገባቸው ጥቂቶች ነበሩ። የሒሳብ ፈተናው ወረቀት ሲመለስልን ውሸታችንን በቀይ ቀለም ተጽፎ አገኘነው።

ታዲያ ስለ ምን አልጠየቅንም? ጥያቄውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደምናቆመው ስላላወቅን፣ ብንሳሳትም ጓደኞቻችን ይሥቁብናል ብለን ስለ ፈራን ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውንም ተረት መጠለያ አድርገነው ነበር።

የአማርኛ ጥያቄ የዐረፍተ ነገሩን ሥርዓት አያናውጥም። «መጥቷል» የሚለውን ቃል ድምፃችንን ከፍ አድርገን ብንናገረው፣ ወይም በመጨረሻው ላይ «ወይ» ብንጨምርበት ጥያቄ ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን ከመጀመሪያው ይገለብጠዋል፤ ብዙ ጊዜም «ዱ» የምትባለውን ትንሽ ቃል ያስገባል። በዚህች ቃል ምክንያት ያልተሳሳተ ተማሪ በመካከላችን የለም። «ዲድ ዩ ዌንት?» ያልን ብዙዎች ነን።

የዚህችን ቃል ታሪክ ስንመረምር ግን ልባችን ተጽናና። እንግሊዞች ራሳቸው እርስዋን ለመልመድ ብዙ ዘመን ፈጅተዋልና። ከዚህ በታች የእንግሊዝኛን ታሪክ ስንተርክ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ለመጠየቅ ግሡን ከባለቤቱ ማስቀደም ይበቃ ነበር። በዛሬው ቃል ብንጽፈው «ኖው ዩ ሂም?» እንደ ማለት ነው፤ ትርጓሜውም «ታውቀዋለህን?» ነው። የእንግሊዝኛ ዘመድ የሆነው ጀርመንኛ እስከ ዛሬ በዚሁ መንገድ ይጠይቃል። «ማድረግ» የሚል ትርጕም ያላት «ዱ» ለሌላ ግሥ ረዳት ሆና መግባት የጀመረችው በመካከለኛው ዘመን ነው። ከወዴት እንደ መጣ ግን ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አንዳንዶች ከዚያው ከእንግሊዝኛው ውስጥ በቀለ ሲሉ፣ ሌሎች የዌልስና የኮርንዎል ሰዎች ቋንቋ አሳድሮበታል ይላሉ።

ዊሊያም ካክስተን በ1476 የማተሚያ መኪና ወደ እንግሊዝ ባስገባበት ዘመን ሁለቱ አጠያየቆች ጐን ለጐን ይሄዱ ነበር። ከ1564 እስከ 1616 የኖረው ሼክስፒርም በሁለቱም ተጠቅሟል። አልቫር ኤሌጎርድ የተባለ የስዊድን ሊቅ ብዙ የቈዩ መጻሕፍትን መርምሮ በ1953 ባሳተመው ጥናት ይህ ለውጥ ደረጃ በደረጃ እንደ ተፈጸመ አሳይቷል። አሁን የምንማረው ሥርዓት እየጸና የመጣው ከ1700 ወዲህ ነው። እንግዲህ እነርሱ በመቶ በሚቈጠሩ ዓመታት የለመዱትን እኛ በአንድ ዓመት ስንማር ብንደናቀፍ የሚያሳፍር አይደለም።

ታሪኩ ሰዋስውንም ያስተምራል። «ዱ» ወደ ጥያቄው ስትገባ የዘመኑን ሸክም ከዋናው ግሥ አንሥታ በራስዋ ላይ ትጭናለች። ያለፈውን ዘመን «ዲድ» ከተሸከመው ዘንድ «ጎ» ባዶውን ይቀራል፤ ስለዚህ «ዲድ ዩ ጎ?» እንጂ «ዲድ ዩ ዌንት?» አይባልም። «አር ዩ ሬዲ?» እና «ካን ዩ ሲ?» የመሳሰሉት ደግሞ እስከ ዛሬ በጥንቱ ሥርዓት የቀሩ ናቸው። ይህን ካወቅን በኋላ ሕጉ በግድ የሚሸመደድ መሆኑ ቀረ።

በአገራችን ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ከውጭ ቋንቋዎች ትልቁን ስፍራ የያዘው ፈረንሳይኛ ነበረ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ግን እንግሊዝኛ ስፍራውን ወሰደ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ በመጀመሪያ ደረጃ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎችን ሲያስገባ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ የገጠመን ዳገት በዚህ ታሪክ የመጣ ነው።

ጥያቄን የቋንቋ መማሪያ ማድረግም አዲስ ነገር አይደለም። ማክሲሚሊያን በርሊትዝ በ1878 በአሜሪካ በሮድ አይላንድ በከፈተው ትምህርት ቤት ያለ ትርጕም፣ በጥያቄና በመልስ ብቻ ማስተማር ልማድ ሆነ። በእነዚህ ዘዴዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂው መምህሩ ነው፤ ተማሪው ይመልሳል። እኛም መመለስን ተማርን እንጂ መጠየቅን አልተማርንም ነበር። የቀድሞ አባቶቻችን ግን በሙግት ጊዜ «ተጠየቅ» እያሉ ባላጋራቸውን በጥያቄ ያፋጥጡ ነበርና፣ መጠየቅ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም።

በአሥረኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህራችን ነገሩን ገለበጡት። በየሳምንቱ ዓርብ ለሩብ ሰዓት እኛ እንጠይቃለን፣ እርሳቸው ይመልሳሉ። አንዳንድ ጊዜም አንዱ ተማሪ አንድ ነገር በልቡ ይይዛል፤ ሌሎቻችን ከሃያ በማይበልጥ ጥያቄ ያን ነገር እንፈልጋለን። ሕጉ አንድ ነበረ፤ በሌላው ስሕተት የሣቀ ተማሪ ቀጣዩን ጥያቄ ራሱ ይጠይቃል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሣቁ ጠፋ።

ፍሬውን ያየነው ግን በሒሳብ ክፍል ነው። የማይተካከሉ ቍጥሮችን ስንማር፣ በኔጌቲቭ ቍጥር ሲካፈል ምልክቱ ይገለበጣል ተባልን። ከኋላ ወንበር ከማይናገሩት ጓደኞቻችን አንዱ እጁን አውጥቶ «ኋይ ዳዝ ዘ ሳይን ቼንጅ?» ሲል ጠየቀ። መምህሩ ጠመኔያቸውን አስቀመጡ፤ ከዚያም ሁለት ከሦስት ቢያንስም ኔጌቲቭ ሁለት ከኔጌቲቭ ሦስት እንደሚበልጥ በቍጥር መስመር ላይ አሳዩን። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን «እንዲህ ነው ለካ!» አልን። መምህሩም እስከዚያ ቀን ድረስ የገባን መስሏቸው እንደ ነበረ ነገሩን።

ታናናሾቻችን ሆይ፤ እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንወጣለን። አደራ የምንላችሁ ይህ ነው፦ ሳይገባችሁ «የስ፣ ሰር» አትበሉ። ወላጆቻችንም ማታ ስንመለስ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ከማለት ጋራ «ዛሬ ምን ጠየቃችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁን ብዙ ትረዱናላችሁ። ጥያቄው ቢሰበር ይጠገናል፤ ሳይጠየቅ የቀረው ግን ያው እንደ ቀረ ነው።