ደቻቱ ካለፈ በኋላ፤ ጎርፍ ያፈረሰውን ከተማ ስለ ማጽዳት

በበጋ የደረቀ ወንዝ ባለቤት የሌለው መሬት ይመስላል። ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው ደቻቱም አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ የአሸዋ ሜዳ ሆኖ ይከርማል። መንገደኛ ያቋርጠዋል፤ ነጋዴ ሸቀጡን ይዘረጋበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ይሁን እንጂ ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ከተማው በእንቅልፍ ላይ ሳለ፣ ወንዙ ቦታውን ሊያስመልስ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ነዋሪዎችም ያለ መጠለያ ቀሩ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ጎርፉ ብቻ ለመተረክ ሳይሆን፣ በማግሥቱ ስለሚሠራው ሥራ፣ ይኸውም ፍርስራሽን ስለ ማንሣትና ከተማን ስለ ማጽዳት ለማሰብ ነው። የሚቀጥለውን ጎርፍ የምንከላከለውም ሆነ መንገድ የምንጠርግለት በዚያን ጊዜ ነውና።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የከተማዪቱን አቆራቆር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ከተራራው ግርጌ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱን እስከ ሐረር ማውጣት እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ ጣቢያው ከታች ቀረ፤ ቦታውም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ከደቻቱ በስተምዕራብ የምድር ባቡር ኩባንያ የቀየሰው ከዚራ፣ በስተምሥራቅም መጋላ አደጉ። የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ በሄደ መጠን በሠፈሮቹ ውስጥ ቦታ ለመግዛት አቅም ያጣው ሰው ወደ ወንዙ ዳርቻ ተጠጋ። ከገበያውና ከጣቢያው ሳይርቅ፣ በአነስተኛ ወጪ የሚያድርበት ቦታ ሌላ አልነበረውም።

የመልክዐ ምድሩም አቀማመጥ ለዚህ ሠፈራ የሚመች አልነበረም። ከተማዪቱ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ በስተደቡብ ያሉት ተራሮች ከ2,000 ሜትር ይበልጣሉ። ዛፉ በተመነጠረ ገደል ላይ የወረደ ዝናብ መሬት ውስጥ ሳይሰርግ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቁልቁል ይደርሳል። በከተማው ሰማይ ላይ ዝናብ ሳይታይ እንኳ ደቻቱ ሊሞላ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በማግሥቱ የመጀመሪያው ተግባር በአሸዋና በደለል የተቀበሩትን መፈለግ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን የእኛ የባለሙያዎች ፈተና ነው፤ የትኛው ቤት ይጠገን? የትኛውስ ይፍረስ? ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ግድግዳ ውሃ ሲጠጣ ምርጊቱ ይረግፋል፤ ማገሩ ራቁቱን ይቀራል፤ ጉዳቱም ለማንም ይታያል። የድንጋይና የብሎኬት ቤት ግን ያታልላል። ውሃው ከመሠረቱ ሥር ያለውን አፈር ጠርጎ ቢሄድም ግድግዳው ለጊዜው ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል፤ መሬቱ ሲደርቅና ሲሰምጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ መሠረቱ ሳይታይ በዓይን ግምት ብቻ መፍረድ አይገባም። «ይፍረስ» የሚለው አንድ ቃል ለባለሙያው የዕለት ውሳኔ ሲሆን፣ ለባለቤቱ ግን የዕድሜ ልክ ጥሪቱ ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ፍርስራሹ የት ይጣል የሚለው ነው። ለጋሪውም ለመኪናውም የሚቀርበው ቦታ ወንዙ ራሱ ነው። ወደ ወንዙ የተደፋ ድንጋይና ጭቃ ግን መውረጃውን ያጠብበዋል፤ ወለሉንም ከፍ ያደርገዋል። የሚቀጥለው ውሃ መጠኑ ከቀድሞው ቢያንስም ከአፍ እስከ ገደፍ ይሞላል። በተጨማሪም ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ከፈረሰ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ ከሞተ እንስሳና ከፈሰሰ ዘይት የሚወጣው ቆሻሻ በአሸዋው ውስጥ እየሰረገ ወደ ታች ይዘልቃል። እንግዲህ ጽዳቱ የከተማውን መልክ የማሳመር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነዋሪውን ጤና የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ወዲህ በደቻቱ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ለተፈናቀሉትም ከወንዙ ርቀው ቤቶች ተሠርተውላቸዋል። ያም ሆኖ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ በከተማዪቱ እንደገና ሕይወት አጥፍቷል። ግንብ ውሃውን ይመራዋል እንጂ የተራቆተውን ተራራ አያለብሰውም።

የሌላውን አገር ልምድ ብንመለከት ተመሳሳይ ትምህርት እናገኛለን። የእስጳኝ ከተማ ቫሌንሲያ፣ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1950 ዓ.ም.፣ በቱሪያ ወንዝ ጎርፍ ተመታች። ለወንዙም ከከተማው በስተደቡብ አዲስ መውረጃ ተቆፈረለት። በአሮጌው ወለል ላይ ሰፊ የመኪና መንገድ ሊዘረጋ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ሕዝቡ አጥብቆ በመቃወሙ ቦታው ዛሬ ረጅም የአትክልት ሥፍራ ሆኗል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከባድ ጎርፍ በመጣ ጊዜ አዲሱ መውረጃ ዋናውን ከተማ አዳነው፤ በአውራጃው ግን ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከመውረጃው በስተደቡብ ያሉት ከተሞችም ክፉኛ ተጎዱ። አንዱን ሠፈር ያዳነ ሥራ ሌላውን እንደማያድን ከዚህ እንረዳለን።

ጉዳዩ በባሌ ደጋ የምንሠራውንም ይመለከተናል። ከባሌና ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ውሃ በሼክ ሁሴን አካባቢ ያለውን ጥልቅ ሸለቆ ተከትሎ በዋቤ ሸበሌ ወደ ሶማሌ ክልል ቆላ ይፈስሳል። በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ወንዙ በዚያ ሞልቶ ከ100 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በደጋው የተመነጠረ ጫካ ዋጋ በቆላው ይከፈላል ማለት ነው። ሮቤና ጎባም እየሰፉ የሚሄዱ ከተሞች ናቸው። ሻያና ቶጎና በክረምት የሚደርሱበት ወሰን ሳይለካና በካርታ ላይ ሳይሰፍር ቦታ መምራት የነገን ፍርስራሽ ዛሬ መሥራት ይሆናል።

ስለዚህ የሙያ ማኅበራችን አባላት ሦስት ነገር ልንጠብቅ ይገባናል። ፍርስራሽ ከመነሣቱ በፊት ውሃው የደረሰበት ከፍታ ይለካ፤ በሚታይ ቦታም በድንጋይ ላይ ይቀረጽ። የተነሣው ሁሉ ከወንዝ ርቆ ይጣል። ቤቱ የፈረሰበትም ሰው እንጀራ ከሚያገኝበት ገበያ ሳይርቅ ምትክ ቦታ ይሰጠው። ይህ ካልሆነ እንጀራውን ፍለጋ ወደዚያው አሸዋ መመለሱ አይቀርም፤ እኛም ያንኑ ቤት ዳግመኛ ልናፈርስ እንጠራለን።