የኔትወርክ ሰርተፊኬት፦ ኮርስ ይሻላል ወይስ የግል ጥናት?

በኮምፒዩተር ሙያ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ያለበት ቤተሰብ “ሲሲኤንኤ” የሚለውን ቃል ሳይሰማ አይቀርም። ማስታወቂያው በታክሲ ውስጥም በቴሌግራምም አለ። “በአንድ ወር ሲሲኤንኤ”፣ “ከሰርተፊኬት ጋር” ይላል። ወጣቱ ማስታወቂያውን ይዞ ወደ ወላጁ ይሄዳል፤ ወላጁም የባንክ ደብተሩን ያያል። በሌላ በኩል ደግሞ “ምን ኮርስ ያስፈልጋል? ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ” የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ታዲያ ከሁለቱ ትክክል ማነው?

እኔ በትምህርቴ የሕግ ሰው እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። ይሁንና ጉዳዩን ቀረብ ብዬ ስመለከተው ግማሹ የቴክኒክ፣ ግማሹ ግን የውልና የሒሳብ ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ማሳየት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። “የኮርስ ክፍያ” ሲባል በውስጡ ሦስት የተለያዩ ዋጋዎች አሉ። ሦስቱን ለያይቶ ያላየ ሰው ወይ ለማያስፈልገው ነገር ይከፍላል፣ ወይ የሚያስፈልገውን ሳይገዛ ይቀራል።

አንድ ስም ያላቸው ሁለት ወረቀቶች

የመጀመሪያው ችግር ከቃሉ ይጀምራል። በአማርኛ “ሰርተፊኬት” የምንላቸው ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። አንደኛው፣ ማሠልጠኛ ተቋሙ “እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ትምህርቱን ተከታትሏል” ብሎ ራሱ አትሞና ማኅተም መትቶ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተፈታኙ ለዓለም አቀፍ ፈተና ተቀምጦ ሲያልፍ ፈተናውን ያዘጋጀው ኩባንያ የሚሰጠው ሲሆን፣ ቀጣሪው ትክክለኛነቱን በኢንተርኔት ሊያረጋግጥ ይችላል። የመጀመሪያው መገኘትን፣ ሁለተኛው ማወቅን ይመሰክራል።

ሲሲኤንኤ የሁለተኛው ዓይነት ነው። የአሜሪካው ሲስኮ ኩባንያ ይህን ማዕረግ መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እስከ 2020 መጀመሪያ ድረስ በየዘርፉ ተከፋፍሎ ይሰጥ ነበር። ከየካቲት 2020 ጀምሮ ግን 200-301 የሚል ቁጥር ወዳለው አንድ ፈተና ተጠቃሏል። ፈተናው 120 ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚሰጠውም ፒርሰን ቪዩ በተባለው የፈተና ድርጅት በኩል ነው። ከታክስ በፊት መደበኛ ዋጋው 300 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። የኮምፕቲያ “ኔትወርክ ፕላስ” ፈተናም በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራ ነው፤ ልዩነቱ በአንድ አምራች መሣሪያ ላይ ያልተመሠረተ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ቁም ነገር አለ። ለሲሲኤንኤ ፈተና ለመቀመጥ ኮርስ መውሰድ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ዲግሪም አይጠየቅም። በእኛ ሙያ የሕግ ዲግሪ የሌለው ሰው የቱንም ያህል አንባቢ ቢሆን የጥብቅና ፈቃድ አያገኝም። የሲስኮ ፈተና ግን ዕውቀቱን ከየት እንዳመጣችሁት አይጠይቅም።

የእህቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የምዝገባ ቅጽ ይዛ መጥታ፣ “ጋሼ፣ ክፍያው ሰርተፊኬቱንም ይጨምራል ብለውኛል” አለችኝ። ቅጹን አነበብኩት። “ሥልጠናውን ላጠናቀቁ የሲሲኤንኤ ሰርተፊኬት ይሰጣል” ይላል። ስለ ፈተና አንድ ቃል የለበትም። ስልክ ደውላ “የሲስኮን ፈተና ይጨምራል ወይ?” ብላ እንድትጠይቅ ነገርኳት። መልሱ “እሱን ራስሽ ነሽ የምትከፍዪው” የሚል ነበር። ተቋሙ በቀጥታ አልዋሸም፤ አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ተጠቀመበት እንጂ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ።

ሦስቱ ዋጋዎች

አንደኛው ዋጋ የፈተናው ነው። ይህ ኮርስ ወሰዳችሁም አልወሰዳችሁም አይቀርላችሁም፤ ክፍያውም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበረ 300 ዶላር ማለት 17,100 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ለስሌት እንዲመቸን አንዱን ዶላር በ150 ብር ብንይዘው 45,000 ብር ይሆናል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማስተካከያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ 11,500 ብር መነሻ ደመወዝ ተወስኖለታል። ስለዚህ ፈተናው ብቻ ግብር ሳይቀነስ የአራት ወር ያህል ደመወዝ ነው ማለት ነው። የወደቀ ሰው ከአምስት ቀን ቆይታ በኋላ እንደገና መፈተን ይችላል፤ ነገር ግን እንደገና ሙሉውን ይከፍላል።

ሁለተኛው ዋጋ የትምህርቱ ነው። በእውነቱ በጣም የረከሰው ይህ ነው። ሲስኮ የፈተናውን ዝርዝር ይዘት ከነክብደቱ በነፃ ያወጣል። የኔትወርክ መሠረታዊ ዕውቀት 20፣ የኔትወርክ ተደራሽነት 20፣ የአይፒ ግንኙነት 25፣ የአይፒ አገልግሎቶች 10፣ የደኅንነት መሠረታዊ ነገሮች 15፣ አውቶሜሽንና ፕሮግራሚንግ 10 በመቶ ይይዛሉ። ዩቲዩብ ላይ “ጄረሚስ አይቲ ላብ” የተባለው ገጽ ሙሉውን ትምህርት ያለ ክፍያ አስቀምጦታል። የዌንደል ኦዶም ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍም በዓለም ዙሪያ የተፈታኞች መደበኛ ማጣቀሻ ነው።

ሦስተኛው ዋጋ የተግባር ልምምድ ነው። ድሮ ኮርስ መውሰድ ግድ የነበረው በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ራውተርና ስዊች ቤቱ ያለው ሰው አልነበረምና። አሁን “ፓኬት ትሬሰር” የተባለው የሲስኮ ፕሮግራም በኩባንያው የኔትወርክ አካዳሚ ለተመዘገበ ሰው በነፃ ይሰጣል። በአንድ መካከለኛ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ራውተሮችን አገናኝቶ መለማመድ ያስችላል። ለሲሲኤንኤ ደረጃ በአብዛኛው ይበቃል። እውነተኛውን ዕቃ በእጅ መንካት፣ ገመድ ማሰር፣ የተበላሸን ወደብ መለየት ግን በማስመሰያ ፕሮግራም አይገኝም። ቀጣሪ በቃለ መጠይቅ የሚፈትነውም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው።

“ነፃ” የሚባለው ምን ያስከፍላል?

የግል ጥናት ከኪስ የሚያስወጣው ጥቂት ነው፤ ከዕድሜ የሚወስደው ግን ብዙ ነው። የሲስኮ አካዳሚ ለሲሲኤንኤ የሚሰጣቸው ሦስት ኮርሶች እያንዳንዳቸው 70 ሰዓት ገደማ የሚጠይቁ ናቸው፤ በድምሩ 210 ሰዓት። ከሥራ በኋላ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚያጠና ሰው ይህ ከአምስት ወር በላይ ይወስዳል። በዚህ መሐል መብራት ይጠፋል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ሠርግ ይደረሳል። ብዙዎች የሚያቋርጡት ትምህርቱ ስለከበዳቸው ሳይሆን “ዛሬ የት ደረስክ?” የሚላቸው ሰው ስለሌለ ነው።

ሁለተኛው ድብቅ ወጪ የሚያርም ሰው ማጣት ነው። ብቻውን የሚያጠና ሰው የተሳሳተ ነገር ትክክል ነው ብሎ ሊለምድ ይችላል። ሦስተኛው ቋንቋው ነው። ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም። ጥያቄዎቹ ረዘም ያለ እንግሊዝኛ ያላቸው ሲሆኑ፣ አንዱን አልፎ ወደ ሌላው ከሄዱ በኋላ ተመልሶ ማስተካከል አይቻልም።

ስለዚህ ጥሩ ኮርስ የሚሸጠው ዕውቀት አይደለም ማለት ነው፤ ዕውቀቱ በነፃ አለ። የሚሸጠው ቀጠሮ፣ አራሚና ዕቃ ነው። እነዚህን ሦስቱን የማያቀርብ ኮርስ በዩቲዩብ ያለውን ነገር በፕሮጀክተር የሚያሳይ ብቻ ነው። “በአንድ ወር” የሚለውንም በቁጥር መዝኑት። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ለ30 ቀን 60 ሰዓት ነው፤ ከ210ሩ አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ቀሪውን የምታጠኑት እናንተው ናችሁ።

ራስን መፈተሽ

የትኛው መንገድ እንደሚስማማችሁ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ወር በነፃው ትምህርት ሞክሩት። በወሩ መጨረሻ ለራሳችሁ ይህን ጥያቄ አቅርቡ፦ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ክፍሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ክፍል 50 ኮምፒዩተሮች አሉ፤ 192.168.10.0 የሚለውን የአድራሻ ክልል እንዴት ታከፋፍላላችሁ? መልሱ እያንዳንዱን ክፍል 64 አድራሻዎች ባሉት ንዑስ ክልል ማስቀመጥ ነው፤ ሁለቱ ለኔትወርኩ ሥራ ስለሚያዙ ለኮምፒዩተሮች 62 ይተርፋሉ። ይህን ከነምክንያቱ ማስረዳትና በፓኬት ትሬሰር ሦስቱን ክፍሎች ማገናኘት ከቻላችሁ በግል መቀጠል ያዋጣችኋል። ትምህርቱን ተከታትላችሁ ይህ ካልገባችሁ አስተማሪ ያስፈልጋችኋል። ቪዲዮውን ከሦስተኛው ቀን በኋላ ካልከፈታችሁት ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ ቀጠሮ ነው፤ ለእሱ መክፈል አያሳፍርም።

የእህቴ ልጅ ያደረገችው መካከለኛውን መንገድ ነበር። ንድፈ ሐሳቡን ቤቷ አጠናች፤ ከሁለት የሥራ ጓደኞቿ ጋር ሆና ለተግባር ልምምድ ብቻ ለአንድ ባለሙያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፈለች። ለሦስት የተካፈለው ወጪ ከሙሉው ኮርስ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ተቋማችሁ የሲስኮ ወይም የሁዋዌ አካዳሚ ያለው መሆኑን ጠይቁ። በእነዚህ አካዳሚዎች ጥሩ ውጤት ላመጡ ተማሪዎች የፈተና ቅናሽ የሚገኝበት አሠራር አለ።

ከመፈረም በፊት

ኮርስ ለመውሰድ ከወሰናችሁ የምዝገባ ቅጹ ውል መሆኑን አትርሱ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል። ስለዚህ በቃል የተነገራችሁ ሁሉ በጽሑፍ ይስፈር። ክፍያው የፈተናውን ዋጋ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? አስተማሪው ራሱ ፈተናውን ያለፈ ነው? የማዕረጉ ዘመንስ አላለፈም? በአንድ መሣሪያ ላይ ስንት ሰው ይለማመዳል? አስተማሪ ቢጠፋ ወይም ክፍሉ ቢዘጋ ገንዘቡ ይመለሳል? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ተቋም መልሱን ሰጥቷችኋል። ደረሰኝ መቀበልም አይዘንጋ፤ ያለ ማስረጃ የሚቀርብ ክስ እጅ እግር የለውም።

ስለ “ዳምፕ”ም አንድ ነገር ልበል። የተሰረቁ የፈተና ጥያቄዎችን ሸምድዶ ማለፍ እንደ ብልጠት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ተፈታኙ ፈተናውን ከመጀመሩ በፊት የምስጢር ጠባቂነት ስምምነት ይቀበላል። ይህን የጣሰ ሰው ውጤቱ ሊሰረዝ፣ ከፈተናም ሊታገድ ይችላል። ባይያዝ እንኳ ራውተሩ ፊት ሲቆም ሽምደዳው አያድነውም። አንድ ትንሽ ምክርም ልጨምር፤ ስትመዘገቡ ስማችሁን ለፈተና በምትይዙት መታወቂያ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ። የአባት ስምን ከቤተሰብ ስም ጋር ያቀያየረ ሰው በፈተናው ቀን ከበር ሊመለስ ይችላል።

ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ

ሲሲኤንኤ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በፈተና ወይም በተከታታይ ትምህርት ማደስ ያስፈልጋል። ይህን ያላሰበ ሰው በየሦስት ዓመቱ ሊመጣ የሚችል ወጪ እንዳለበት ዘንግቷል። በተጨማሪም የአገራችን ገበያ የሲስኮ ብቻ አይደለም። የቀድሞው ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ከዜድቲኢ ጋር፣ ኢትዮ ቴሌኮም ደግሞ በ2013 ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር ትልልቅ የማስፋፊያ ውሎች ተዋውለዋል። ስለዚህ ልባችሁ ያለው ቴሌኮም ውስጥ ከሆነ የሁዋዌን የጀማሪ ማዕረግም ተመልከቱ። ባንክ፣ ኤምባሲና ዓለም አቀፍ ድርጅት ለምትፈልጉ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ያለፉትን የሥራ ማስታወቂያዎች ሰብስባችሁ የትኛው ወረቀት እንደሚጠየቅ አንብቡ። መሠረታዊው ዕውቀት አንድ ነው፤ የሚለያየው ትዕዛዙ የሚጻፍበት መንገድ ነው።

በጥቅሉ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለፈተናው መክፈል አይቀርም፤ ስለዚህ ገንዘብ መቆጠብ ያለበት መጀመሪያ ለእሱ ነው። ለትምህርቱ ብዙ መክፈል አያስፈልግም። ለልምምድና ለአራሚ መክፈል ግን፣ የጎደላችሁ እሱ መሆኑን ካረጋገጣችሁ፣ ከወጪ አይቆጠርም። ያለውን ሁሉ ለኮርስ ከፍሎ ለፈተናው ሳንቲም ያልተረፈው ወጣት በእጁ የሚቀረው የመጀመሪያው ዓይነት ወረቀት ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ቀጣሪው ገልበጥ አድርጎ ያይና “የሲስኮው የታለ?” ይለዋል።

ቸር ይግጠመን።