ሣር በአራዳ፤ ከቤት ክዳን እስከ ግቢ ጌጥ

የአዲስ አበባ ታሪክ ሲነሣ ስለ ባሕር ዛፍ ብዙ ይባላል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ አገር የገባው ይህ ዛፍ የማገዶንና የቤት መሥሪያ እንጨትን ችግር በማቃለሉ ከተማይቱን ከመፈለስ እንዳዳናት ይነገርለታል። ይሁን እንጂ ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የአብዛኛውን ነዋሪ ቤት ከፀሐይና ከዝናም የጋረደው ሣር ነበር። ስለ ሣር ግን እምብዛም የተጻፈ የለም።

ከ1888ቱ የዐድዋ ድል በኋላ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ይቆም በነበረው ታላቅ ገበያ ሣር ዋና ሸቀጥ ነበር። ገሚሱ ለቤት ክዳን፣ ገሚሱ ለፈረስና ለበቅሎ መኖ፣ ቄጤማውም ለበዓል ጉዝጓዝ ይሸጥ ነበር። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቀደም ብሎ የታወቀው ቆርቆሮ ይበልጥ ተስፋፋ፤ ሣርም ከጣራ ወረደ። በወረራው ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ሲባል፣ አሮጌው አራዳም ፒያሳ የሚለውን ስም ተቀበለ።

ከጣራ የወረደው ሣር ግን ከግቢ አልወጣም። ከአጥሩ ሥር ጠጅ ሣር ተተክሎ ለቡና ሥነ ሥርዓትና ለዓመት በዓል ይታጨድ ነበር። በመተላለፊያው ዳር አክርማ ሳይዘሩት በቅሎ ይታያል። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ሴቶች ለሰፌድና ለመሶብ ስፌት የሚሆነውን ስንደዶ ይለቅማሉ። እነዚህ ሣሮች በጌጥ ስም ባይጠሩም፣ ግቢውን ማስጌጣቸው አልቀረም።

ሣር ለግቢ ጌጥ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሌላ መልክ የመጣው በአውሮፓውያን አሠራር የታነጹ ቤቶች ሲበዙ ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት የሚዘረጋውና በየጊዜው በአጭሩ የሚታጨደው መስክ የተወለደው ዓመቱን ሙሉ በሚያካፋበት በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ነው። አዲስ አበባ በአማካይ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም ብታገኝም አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የበጋው ፀሐይ ሲበረታ ያ መስክ በየቀኑ ለማለት ይቻላል ውሃ ይጠይቃል። ከተማይቱ በ1930ዎቹ የገፈርሳን፣ በ1960ዎቹም የለገዳዲን ግድብ ሠርታ እንኳ ውሃ ለብዙ ሰፈሮች በፈረቃ የሚደርስ ሆኗል። እንዲህ ባለ ከተማ ሣርን በመጠጥ ውሃ ማኖር ከባድ ወጪ ነው።

የአገሩ ሣር መንገዱ ሌላ ነው። ሰርዶ ድርቅ ሲጠና ቅጠሉን አድርቆ ሕይወቱን ከመሬት በታች በሚሄደው ግንዱ ያቆያል፤ የመጀመሪያው ዝናም ሲጥልም መልሶ ይለመልማል። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለው ተረት ቀልድነቱ ሰርዶ እንደማይጠፋ ስለሚታወቅ ነው። ስንደዶና አክርማ ደግሞ በችፍርግ የሚበቅሉ በመሆናቸው ሥሮቻቸው አፈሩን አጥብቀው ይይዛሉ። በ1960ዎቹ ወደ ጅማ የገባው ቬቲቨር የተባለው ሣርም ሥሩ እስከ ሦስት ሜትር ሊጠልቅ ስለሚችል ለተዳፋት ግቢ ይስማማል።

ሌላው ዓለም የዚህን ወገን ውበት ቀድሞ አይቷል። የስንደዶ የቅርብ ዘመድ የሆነውና በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካና በዐረብ ምድር የሚበቅለው ባለ ረጅም ጭራ ሣር ለጌጥ ተብሎ ወደ ብዙ አገሮች ተወስዷል። በሃዋይ ደሴቶች ግን ከአጥር አምልጦ የሰደድ እሳትን የሚያባብስ ወራሪ ሆነ፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2017 በወራሪ ዕፀዋት መዝገብ አስገባው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሣር በተወለደበት አገር ጌጥም ጥቅምም ሲሆን፣ ያለ ቦታው ሲወሰድ ጠላት ሊሆን ይችላል።

ሣርን ጠብቆ ማኖርም ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በመንዝ የጓሳን ሣር ሕዝቡ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ለዓመታት ዘግቶ፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እየከፈተ ሲያጭድ ኖሯል። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ዐዋጅም የፒያሳን ግቢዎች ይዞታ ለወጠ። ብዙዎቹ ቤቶች የቀበሌ ሆነው አንዱን ግቢ ብዙ ቤተሰብ ተጋራው፤ የጠጅ ሣሩም ችፍርግ የጋራ ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ግቢዎቹም አብረው ሄዱ። ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር ዕቃውን ጫነ እንጂ፣ ከአጥሩ ሥር የነበረውን ሣር ነቅሎ ለመውሰድ የታደለው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። በፈረሱት ቦታ በየመንገዱ ዳር አዲስ መስክና አበባ ተተክሏል። የአገሩን ሣር ጠባይ የሚያውቀው የግቢ ባለቤት በተበተነበት በዚህ ጊዜ፣ ያንን ዕውቀት የመያዝ ኀላፊነት በሙያው ሰዎች ላይ ወድቋል።

ሥራው ከባድ አይደለም። ከታወቀ ቦታ የተገኘ የስንደዶ ወይም የአክርማ ችፍርግ በሰኔ ተከፍሎ ቢተከል በክረምቱ ሥር ይሰዳል። በመጀመሪያው በጋ አልፎ አልፎ ውሃ ይሻል፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ራሱን ይችላል። የደረቀውንም በበጋው መጨረሻ፣ ዝናሙ ሳይጥል፣ ማጨድ ነው። በኮንዶሚኒየም ደጃፍ ያለች ጠባብ መሬት እንኳ ለሁለትና ለሦስት ችፍርግ ትበቃለች። አራዳ ከጣራዋ ያወረደችውን ሣር ከግቢዋም ታጣው ወይስ መልሳ ትተክለው የሚለው ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ፣ ችግኝ በሚመረጥበት ሰዓት ነው።