«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን»፤ የጎንቾ እስረኞች ነገር

ሰው ባልሠራው በደል ሲወቀስና ሲቀጣ ነገሩን የሚገልጽበት ቃል የሌለው ሕዝብ የለም። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ሰው «የሚለቀቅ ፍየል» ይሉታል። ቃሉን ያወጣው ዊልያም ቲንዴል ነው፤ በ1530 ዓ.ም. (በኤውሮጳ አቈጣጠር) ኦሪትን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ፥ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 የሕዝቡን ኃጢአት ተሸክሞ ወደ ምድረ በዳ የሚሰደደውን ፍየል በዚህ ስም ጠራው። አማርኛ ደግሞ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል። የእንግሊዙ ቃል የሌላውን ኃጢአት የተሸከመውን ያሳያል፤ የአማርኛው ተረት ግን የመቺውን ፍርሃት ይገልጣል።

ይህ ፍርሃት በሸዋ ቤተ መንግሥት ታይቷል። ራስ ወሰን ሰገድ በተገደሉ ጊዜ አልጋውን ይወርሳል ተብሎ የታሰበው ታላቁ ልጃቸው በኩሬ ነበር። ነገር ግን ሣህለ ሥላሴ ቀድመው ቁንዲ ገቡና በዚያው አቈጣጠር በ1813 ሥልጣኑን ያዙ። በኩሬ ጥቂት ካመፀ በኋላ ተይዞ በይፋት ወዳለው ወደ ጎንቾ ወህኒ ወረደ። እርሱስ ሰይፍ አንሥቷልና የሚከሰስበት ነገር ነበረው፤ የቀሩት ወንድሞች ጥፋት ግን ከንጉሥ ዘር መወለዳቸው ብቻ ነበር። ጠባቂያቸው የይፋቱ ገዥ ወላስማ ሙሐመድ ነበሩ።

ልማዱም የቆየ ነው። እስር ቤት የሚጠራበት «ወህኒ» የሚለው ቃል ራሱ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የንጉሥ ልጆች ይጠበቁበት ከነበረው ከወህኒ አምባ የመጣ ነው። ምክንያቱም ከንቱ አልነበረም፤ ወንድማማች ስለ ዙፋን ሲዋጋ የሚቃጠለው የገበሬው አዝመራ ነውና።

በ1841 ከሕንድ የእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ አንኮበር የደረሰው ካፒቴን ሐሪስ፥ በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፥ ስለ እስረኞቹ ንጉሡን ማልዶ ነበር። ንጉሡም ልመናውን ተቀብለው ወንድሞቻቸውን ከጎንቾ አስመጥተው ፈቷቸው።

የማላጁም አገር ከዚህ ነቀፋ ንጹሕ አልነበረም። ሄንሪ ሰባተኛ በ1485 ሲነግሥ የዐሥር ዓመቱን ልጅ ኤድዋርድን፥ የዎርዊክን መስፍን፥ ስለ ዘሩ በለንደን ግንብ አሰረው፤ በ1499ም በሤራ ተከሶ ተሰየፈ። ለርሱ ማላጅ አልተገኘለትም።

እንግዲህ ፍርሃት ስለ ሰላም ብሎ ሊያስር ይችላል፤ በደልን ግን ሊመሰክር አይችልም። ሣህለ ሥላሴ ለሸዋ ብዙ መልካም ሥራ ሠርተዋል፤ ከዚያም ኹሉ ጋር፥ ዘግይቶም ቢኾን ዳውላውን ከዱላው ማዳናቸው ሊቈጠርላቸው ይገባል።